መጠኑ ከተለካ በኋላ፦ በጅዳና በመካ ዙሪያ የሚሠሩ የአካባቢና የዱር እንስሳት መርዝ ጥናቶች ዳሰሳ

የአካባቢ ቶክሲኮሎጂ በሰው ሥራ ምክንያት ወደ አየር፣ ወደ ውሃና ወደ አፈር የገቡ ኬሚካሎች ሕይወት ባላቸው ነገሮች ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት የሚመረምር የዕውቀት ዘርፍ ሲሆን፣ የዱር እንስሳት ቶክሲኮሎጂ ደግሞ ይህንኑ ጉዳይ ባለቤት በሌላቸው፣ ሐኪም በማያያቸውና ሞታቸው በማይመዘገብ ፍጥረታት ላይ ይከታተላል። ሁለቱም ዘርፎች በሁለት ጥያቄዎች ላይ ይቆማሉ፤ የመጀመሪያው በአካባቢው ወይም በእንስሳው አካል ውስጥ ምን ያህል ኬሚካል እንዳለ ሲጠይቅ፣ ሁለተኛው ያ ኬሚካል በእንስሳው ጤና፣ በመራባቱና በዕድሜው ላይ ምን እንዳደረሰ ይጠይቃል። በጅዳ ወደብ፣ በመካና በአጎራባቹ የቀይ ባሕር ዳርቻ የተሠራው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና የአማካሪዎቻቸው ጥናት ሲዳሰስ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ በየጊዜው እየተሻሻለ መልስ ሲያገኝ ሁለተኛው ግን በአብዛኛው ለሌላ ጊዜ ሲተላለፍ የኖረ መሆኑ ይታያል። ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ቅርብ ነው፤ በዚህ ዳርቻ ከሚያልፉት ወፎች መካከል የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ወፎች ይገኙበታል፤ በሐጅ ሰሞን በጅዳ ወደብ ከሚራገፉት በጎችና ፍየሎች መካከልም ከኢትዮጵያ ቆላ ተነሥተው በበርበራና በጅቡቲ በኩል የሚሻገሩት ብዙ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥናቱን ሥራ ከያዙት ተቋማት ቀደምቱ በ1967 በጅዳ የተመሠረተው የንጉሥ አብዱልዓዚዝ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የባሕር ሳይንስ ፋኩልቲው ከከተማዋ በስተሰሜን ከሚገኘው ከኦብሑር ሰርጥ ጋር የቆየ ትስስር አለው። ከጅዳ ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በቱዋል በ2009 የተከፈተው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን ብቻ ለማስተማር የቆመ ነው፤ የቀይ ባሕር ምርምር ማዕከሉም የዳርቻውን ጥናት ወደ ዓለም አቀፍ መጽሔቶች አውጥቶታል። በመካ በኩል በ1975 በጅዳ የተጀመረውና ኋላ ወደ ኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረው የሐጅ ጥናት ማዕከል የሕዝብ ብዛት በአየር፣ በውሃና በቆሻሻ ላይ የሚያስከትለውን ጫና ሲመረምር ቆይቷል፤ ከመካ በላይ በተራራው ላይ ባለችው በጣኢፍ ደግሞ በ1986 የተቋቋመ የዱር እንስሳት ምርምር ማዕከል አለ። ባሕሩን የሚያጠኑት በጅዳና በቱዋል፣ አየሩን የሚያጠኑት በመካ፣ አራዊቱን የሚያጠኑት በጣኢፍ ተለያይተው መቀመጣቸው ኋላ ለሚነሣው ችግር አንዱ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ሰፊውን ድርሻ የያዘው የፍሳሽ ጥናት ነው። የጅዳ ዕድገት ከፍሳሽ ቱቦ ዝርጋታዋ እጅግ የፈጠነ በመሆኑ፣ ለአሥርት ዓመታት ብዙው መኖሪያ ቤት ፍሳሹን በጉድጓድ እያጠራቀመ በቦቴ መኪና ያስመጥጥ ነበር፤ ቦቴዎቹም ከከተማዋ በስተምሥራቅ ወዳለው ሸለቆ እየደፉ «የምስክ ሐይቅ» ተብሎ የተጠራውን የፍሳሽ ሐይቅ ፈጠሩ። በኅዳር 2009 ከመቶ በላይ ሰው የገደለው የጅዳ ጎርፍ በደረሰ ጊዜ የዚህ ሐይቅ ግድብ ይደረመሳል የሚል ብርቱ ስጋት ነግሦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሐይቁ እንዲደርቅ ተደረገ። በመሀል ከተማው፣ ጥንታዊው አል-በለድ ሰፈር አጠገብ ያሉት አል-አርበዒንና አል-ሸባብ የተባሉ የባሕር ሰርጦችም ለብዙ ዘመን የፍሳሽ መቀበያ ሆነው ኖረዋል። ሰርጦቹ ከባሕሩ ጋር የሚገናኙበት በር ጠባብ ስለሆነ ውሃቸው ቶሎ አይታደስም፤ በፍሳሹ የመጣው ብስባሽ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ መዳብ፣ ዚንክ፣ እርሳስና ካድሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችም ከደለሉ ጋር ወደ ታች ይሰፍራሉ። ስለዚህ ደለሉን በቱቦ ቆርጦ ማውጣትና በየንብርብሩ ያለውን ብረት መለካት ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ተደራሽ፣ ውጤቱም እርግጠኛ የሆነ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ በደለል ውስጥ ያለ የብረት መጠን ብቻውን ስለ መርዛማነቱ የሚናገረው ጥቂት ነው። ኦክስጅን ባለቀበት ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት ሰልፋይድ ብረቶቹን አጥብቆ ስለሚይዛቸው በትልና በቀንድ አውጣ አካል ውስጥ በቀላሉ አይገቡም፤ በአንጻሩ ያው ጭቃ ሲቆፈር፣ ሲገለበጥ ወይም ኦክስጅን ሲነፍስበት ሰልፋይዱ ይፈርሳል፤ ለዓመታት ታስሮ የኖረው መዳብና ካድሚየምም ወደ ውሃው ይለቀቃል። ይህ ማለት በቁጥር ሲታይ እጅግ የተበከለ የሚመስል ሰርጥ ለጊዜው ከሚጠበቀው ያነሰ ጉዳት ሲያደርስ፣ ለማጽዳት በታሰበበት ሰሞን ደግሞ ብዙ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው። ጠቅላላውን መጠን ለክቶ ከሌላ አገር የመመዘኛ ሰንጠረዥ ጋር በማነጻጸር የሚያበቃ የመመረቂያ ጽሑፍ ይህን ልዩነት ሊያየው አይችልም። በዚያው ጭቃ ውስጥ ትንንሽ ሸርጣኖችን ለጥቂት ሳምንታት አኑሮ ስንቱ እንደ ሞተና ስንቱ እንደ ተራባ መቁጠር ግን ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ትዕግሥትን ብቻ የሚፈልግ ሥራ ሲሆን፣ ተገቢውን ቦታ ማግኘት የሚገባው ይህ ሙከራ ነው።

የፕላስቲክ ጥናት በቅርብ ዓመታት ፈጥኖ አድጓል። በ2018 በታተመ ጥናት በሳዑዲ የቀይ ባሕር ዳርቻ የተያዙ፣ 26 ዝርያዎችን የሚወክሉ 178 ዓሦች ሆድ ዕቃቸው ተመርምሮ 26 የማይክሮፕላስቲክ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል፤ አብዛኞቹ የስስ ፕላስቲክ ብጫቂዎች፣ የቀሩት የዓሣ መረብ ክሮች ነበሩ። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ሥር የሚይዘውን ደለል ዕድሜ በመቁጠር፣ የሚቀበረው ፕላስቲክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በየዓመቱ በ8.5 በመቶ ገደማ እየጨመረ መምጣቱን፣ በቀይ ባሕር ማንግሮቮች ሥርም ከ1930ዎቹ ወዲህ 50 ቶን ያህል ሳይቀበር እንዳልቀረ ገምቷል። በባሕሩ ገጽ ላይ የሚንሳፈፈው ፕላስቲክ ለምን ትንሽ ሆኖ እንደሚገኝ ለረጅም ጊዜ ግራ ያጋባ ስለነበር፣ ይህ ግኝት በአካባቢው ከተሠሩት ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። ያም ሆኖ በዓሣ ሆድ የተገኘ ቁርጥራጭ ዓሣውን አሳምሞት እንደሆነ የመቁጠሩ ሥራ አይነግርም።

የወደቡን ነገር በተመለከተ ሊነሣ የሚገባው አንድ ኬሚካል ትራይቢዩቲልቲን ነው። ይህ ከቆርቆሮ የሚሠራ ውህድ የባሕር አረምና ዛጎል ለበስ ፍጥረታት በመርከብ ሆድ ላይ እንዳይጣበቁ በቀለም ውስጥ ይጨመር የነበረ ሲሆን፣ ከውሃው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት በሆነ መጠን እንኳ ሴቷን የባሕር ቀንድ አውጣ የወንድ አካል እንድታበቅልና መካን እንድትሆን ያደርጋል። በመርከቦች ላይ መቀባቱን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2001 ተፈርሞ በ2008 በሥራ ላይ ውሏል። ኬሚካሉ በወደብ ደለል ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ በመሆኑ፣ እንደ ጅዳ ባለ ብዙ መርከብ የሚስተናገድበት ወደብ ዙሪያ ቀንድ አውጣዎችን ለቅሞ በአጉሊ መነጽር መመልከት ከማንኛውም የኬሚካል ልኬት ይልቅ ግልጽ መልስ ይሰጣል፤ ጉዳቱ በእንስሳው አካል ላይ በዓይን የሚታይ ነውና።

ተማሪዎች በልኬቱ ላይ የሚቆሙበት ምክንያት ስንፍና አይደለም። የሁለተኛ ዲግሪ ጊዜ አጭር ነው፤ ናሙና ሰብስቦ፣ በአሲድ አሟሙቶ፣ በመሣሪያ ለክቶ ሰንጠረዥ ማውጣት በዚያ ጊዜ ውስጥ ያልቃል፤ የእንስሳን መራባት መከታተል ግን ሁለትና ሦስት የመራቢያ ወቅቶችን ይጠይቃል። መሣሪያው ውድ በመሆኑ ዩኒቨርሲቲው እንዲሠራበት ይፈልጋል፤ መጽሔቶችም አዲስ ቦታ ላይ የተለካ አዲስ ቁጥርን በቀላሉ ይቀበላሉ። የዱር እንስሳን ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በቂ ቁጥር ያለው ናሙና ማግኘት ከባድ ነው፤ የሞተ እንስሳ ደግሞ በሙቀቱ በሰዓታት ውስጥ ይበሰብሳል። ይህ ሁሉ እውነተኛ መሰናክል ነው። ሆኖም መሰናክሉን አልፎ ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ ምን እንደሚያስገኝ የሚያሳይ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ፤ ምሳሌውም ከጅዳ ሰርጦች ጋር በአንድ መድኃኒት ስም ይገናኛል።

የሳዑዲና የኖርዌይ ተመራማሪዎች በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ፍሳሽ በሚገባባቸው የጅዳ የባሕር ዳርቻ ውሃዎች ውስጥ በየቤቱ የሚዋጡ መድኃኒቶች ቅሪት መኖሩን አሳይተዋል፤ ከእነዚህም መካከል ፓራሲታሞልና የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክ ይገኙበታል። ዲክሎፌናክ በሰው ዘንድ የተለመደ መድኃኒት ቢሆንም በዱር እንስሳት ቶክሲኮሎጂ ታሪክ ውስጥ ያለው ስም አስፈሪ ነው። በ1990ዎቹ በደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎች በጅምላ ማለቅ ሲጀምሩ ብዙዎች ተላላፊ በሽታ ጠርጥረው ነበር። በፓኪስታን ሥራቸውን ያካሄዱ ተመራማሪዎች ግን የሞቱትን ወፎች ሲከፍቱ ኩላሊታቸው ከሥራ ውጭ ሆኖ፣ በደማቸው የተጠራቀመው ዩሪክ አሲድ የውስጥ አካላቸውን እንደ ኖራ ለብሶት አገኙ፤ ይህም የውስጥ አካል ሪህ ይባላል። ሪሁ ከታየባቸው 25 ወፎች በ25ቱም ኩላሊት ውስጥ ዲክሎፌናክ ሲገኝ፣ ሪህ ካልታየባቸው 13 ወፎች በአንዱም አልተገኘም። ከዚያም መድኃኒቱ የተሰጠው ከብት ሥጋ በማደሪያ ለተያዙ ጥንብ አንሳዎች ተሰጥቶ ያው ሞት ሲደገም ማስረጃው ተሟላ። ጥናቱ በ2004 ታተመ፤ በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ፤ እስከዚያ ድረስ ግን ከሦስቱ ዋና ዋና ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው አልቆ ነበር።

የዚህ ሥራ ጥንካሬ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ጉዳቱን አየ፣ ቀጥሎ ኬሚካሉን ፈለገ፣ በመጨረሻ ሁለቱን በሙከራ አያያዘ። ከጅዳ ውሃ የተገኘው ዲክሎፌናክ ጥንብ አንሳን የሚገድልበት መንገድ እንደሌለ መገንዘብም ያስፈልጋል፤ ወፉ መርዙን የሚያገኘው ከከብት ሬሳ እንጂ ከባሕር አይደለም፤ በባሕሩ ውስጥ ለዚያ ቅሪት የሚጋለጡት ዓሦችና ዛጎል ለበስ ፍጥረታት ናቸው። አንድ ኬሚካል መርዝ የሚሆነው በመጠኑ፣ በሚደርስበት መንገድና በሚቀበለው ፍጥረት ተፈጥሮ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል።

ሬሳው የሚገኝበት መንገድ ወደ መካ ያመራል። በሐጅ ወቅት በመካ አጠገብ ባለችው በሚና የሚታረደው የመሥዋዕት በግ፣ ፍየል፣ ከብትና ግመል በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ ከ1983 ጀምሮ በእስላማዊ ልማት ባንክ ሥር የተደራጀው ፕሮግራም ሥጋው በቄራ ተዘጋጅቶ በተለያዩ አገሮች ለሚገኙ ድሆች እንዲከፋፈል ያደርጋል። በጣኢፍ ዙሪያ ተራሮች ላይ የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ ከጣኢፍ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው በማሓዘት አስ-ሰይድ ጥብቅ ክልልም ትልቁ ባለ ጆሮ ጥንብ አንሳ በግራር ዛፎች አናት ላይ ጎጆውን ሠርቶ ይፈለፍላል። ስለዚህ ከመርከብ የወረደው እንስሳ በኳራንቲን በቆየበት ጊዜ ምን መድኃኒት እንደ ተወጋ፣ ታርዶ ሳይሆን ሞቶ የተገኘው የት እንደ ተጣለ፣ በጉበቱ ምን ቅሪት እንደ ነበረና የጣኢፍ ጥንብ አንሳ ከዚያ ይበላ እንደ ሆነ መከታተል ለአንድ የዶክትሬት ተማሪ ልክ የሆነ ጥያቄ ነው። በጉ ከኢትዮጵያ ቆላ የተነሣ ከሆነ ጥያቄው ከሐረርጌና ከሶማሌ ክልል የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች ይጀምራል ማለት ነው። ነጭ ጀርባ፣ ሩፔልና ኮፍያማ የተባሉት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎች በ2015 እጅግ ለመጥፋት የተቃረቡ ተብለው መመደባቸው ጉዳዩን አጣዳፊ ያደርገዋል።

በመካ ውስጥ የሚሠራ የዱር እንስሳት ጥናት በሌላ ቦታ የማያጋጥም ሥርዓት አለበት። ሐረም በሚባለው የተቀደሰ ክልል ውስጥ አደን፣ አውሬን ማባረርና ዛፍ መቁረጥ በሃይማኖቱ ሕግ የተከለከለ በመሆኑ፣ እንስሳ ገድሎ ጉበትና ኩላሊት ማውጣት የለመደ የምርምር ዘዴ እዚያ ቦታ የለውም። ይህን እንደ እንቅፋት ማየት ስሕተት ይሆናል፤ ክልከላው ተመራማሪውን ወደ ረቀቀ ዘዴ ይገፋዋልና። የመካ እርግቦች በሰው መካከል የሚኖሩ፣ ሰው የሚተነፍሰውን አየር የሚተነፍሱ ናቸው። በኒውዮርክ በ2016 የታተመ ጥናት በየሰፈሩ እርግቦች ደም ውስጥ የተገኘው የእርሳስ መጠን በዚያው ሰፈር ሕፃናት ደም ውስጥ ከተገኘው ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። በመካ አየር ላይም በ2012 ሐጅ ወቅት የሳዑዲ፣ የአሜሪካና የፓኪስታን ተመራማሪዎች በሠሩት ሥራ፣ ወደ ታላቁ መስጊድ በሚያደርስ አንድ የተሽከርካሪ መሿለኪያ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአካባቢው መነሻ መጠን ከ300 እጥፍ በላይ ሆኖ ተለክቷል። በእነዚያ መሿለኪያዎች አጠገብ የሚያድሩ እርግቦች የረገፈ ላባ መሬት ላይ ይገኛል፤ ለማንሣት ወፉን መንካት አያስፈልግም። ላባ ሲበቅል በደም የመጣለትን ብረት ይይዛል፤ በላዩ የሚያርፈው አቧራ ደግሞ በጥንቃቄ ካልታጠበ ውጤቱን ያበላሻል፤ ስለዚህ በአንድ ላባ ውስጥ ያለውን የውስጥና የውጭ ብክለት መለየት ራሱን የቻለ የመመረቂያ ሥራ ነው።

ከአየርና ከባሕር ሌላ መርዝ በቀይ ባሕር ሁለቱም ዳርቻዎች የሚረጭበት ጊዜ አለ፤ እርሱም የበረሃ አንበጣ ዘመን ነው። ከ2019 እስከ 2021 በቆየው ወረርሽኝ የመን፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ኢትዮጵያ አብረው ተጠቅተዋል፤ የሳዑዲ የአንበጣ መከላከያ ማዕከልም መቀመጫው ጅዳ ነው። እንደ ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስ ያሉት የሚረጩ ፀረ ተባዮች በነርቮች መካከል መልእክት ካለፈ በኋላ መልእክተኛውን ንጥረ ነገር የሚያፈርሰውን ኮሊንኤስተሬዝ የተባለ ኤንዛይም ያግዳሉ፤ ኤንዛይሙ ሲታገድ ነርቩ ዕረፍት አጥቶ እንስሳው ይንቀጠቀጣል፣ መተንፈስም ይሳነዋል። እዚህ ላይ ቶክሲኮሎጂ ያለው ዕድል ትልቅ ነው፤ የኤንዛይሙ መውረድ በራሱ የጉዳት ምልክት ስለሆነ፣ ከተያዘና መልሶ ከተለቀቀ ወፍ ላይ በተወሰደ ጠብታ ደም መጠኑንም ጉዳቱንም በአንድ ጊዜ መመርመር ይቻላል። በሴኔጋል ከ1989 ጀምሮ ሎከስቶክስ በሚል ስም የተካሄደው ፕሮጀክት የአንበጣ ርጭት በወፎች፣ በነፍሳትና በኩሬ ፍጥረታት ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት መርምሯል። አንበጣ በሉ ወፎች መንጋውን ተከትለው ስለሚሄዱና የተረጨበትን ተባይ ለቅመው ስለሚበሉ፣ በቀጣዩ ወረርሽኝ ጊዜ ከርጭቱ አውሮፕላን ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ የተማሪዎች ቡድን ከወዲሁ መዘጋጀት ይኖርበታል፤ ርጭቱ ካለፈ በኋላ የሚጀመር ጥናት ዘግይቷል።

ከባሕሩ ማዶ ያለው የኢትዮጵያውያን ሥራ በጥራቱ የሚያኮራ ነው። በጃፓን ሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ተሳትፎ የተሠራና በ2014 የታተመ ጥናት ከስምጥ ሸለቆ የተወሰዱ አራት የወፍና አምስት የዓሣ ዝርያዎችን መርምሮ፣ በወፎቹ ጡንቻ በአንድ ግራም ስብ ከ3.7 እስከ 148.7 ማይክሮግራም፣ በዓሦቹ ደግሞ ከ0.04 እስከ 10.9 ማይክሮግራም የሚደርስ የክሎሪን ፀረ ተባይ ክምችት አግኝቷል። ከክምችቱ አብላጫውን የያዘው ለወባ መከላከያ ይረጭ የነበረው ዲዲቲ ነው፤ በተለይም በአካል ውስጥ ሲፈራርስ የሚፈጠረው ዲዲኢ ነው። እንስሳው በምግብ ሰንሰለቱ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር መርዙ እንደሚበዛበትም ጥናቱ በናይትሮጅን ዓይነቶች ልኬት አረጋግጧል። የአዳኝ ወፎች የእንቁላል ቅርፊት መሳሳቱ በ1967 በብሪታንያ ከታወቀ ወዲህ፣ ቅርፊቱን የሚያሳሳው ዲዲኢ መሆኑን የሚያሳይ ብዙ ማስረጃ ተከምሯል። የሆካይዶው ጥናት ግን መርዙ ለመራባታቸው አስጊ ሊሆን እንደሚችል አመልክቶ ያበቃል። በቆቃ ሐይቅ ዓሦች ላይ ከኖርዌይ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተሠራውና በ2011 የታተመውም ክምችቱን ከዓሣው ስብና ከምግብ ሰንሰለቱ ጋር አያይዞ ይተነትናል። በዝዋይና በሐዋሳ ዳር ጎጆ እየቆጠሩ፣ የተሰበረ ቅርፊት ውፍረት እየለኩ፣ ስንት ጫጩት እንደ በረረ መመዝገብ ለሐዋሳ፣ ለጅማና ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቀረበ፣ ከቬርኒየር መለኪያና ከማስታወሻ ደብተር በቀር ብዙ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ሁለቱን ዳርቻዎች የሚያያይዘው የፍልሰት መንገድ በሳይንስ የታወቀ ነው፤ በ1987 መጸው በጅቡቲ የባብ ኤል መንደብን ወሽመጥ ሲያቋርጡ የተቆጠሩት አዳኝ ወፎች 246 ሺህ ገደማ ነበሩ። የቀይ ባሕርን አካባቢ ለመጠበቅ በ1982 የተፈረመው የጅዳ ስምምነትና እርሱን የሚያስፈጽመው መቀመጫውን ጅዳ ያደረገ ድርጅት ግን ጅቡቲን፣ ግብፅን፣ ዮርዳኖስን፣ ሳዑዲ ዓረቢያን፣ ሶማሊያን፣ ሱዳንንና የመንን እንጂ ኢትዮጵያን አያቅፍም። ባሕር የሌላት አገር በባሕር ስምምነት አለመኖሯ ሕጋዊ ምክንያት ቢኖረውም፣ ወፎቹ ከሚያርፉባቸው ረግረጎች ብዙዎቹ ከዚህ ማዕቀፍ ውጭ ይቀራሉ። ይህን ክፍተት ለመሙላት የመንግሥታት ስምምነት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ሜርኩሪ በላባ ውስጥ የሚቀመጠው ላባው በሚበቅልበት ወራት በመሆኑ፣ አንድ ንስር በአፋር ያበቀለው ላባና በዓረቢያ ያበቀለው ላባ የሁለት ምድር መዝገብ ነው፤ የጣኢፍና የአዲስ አበባ ተማሪዎች በአንድ ዓይነት አጥበውና በአንድ ቤተ ሙከራ አስመርምረው ቢያነጻጽሯቸው፣ ወፉ መርዙን በየትኛው ዳርቻ እንደ ለበሰ ከሰንጠረዡ ላይ ማንበብ ይቻላል።